በአዘና ዳገት የተፈታው እሽግ

አዘና፣ ነሐሴ፣ ንጋት

ሌሊቱን ሲጥል ያደረው ዝናብ ወደ ካፊያ ወርዷል። ሰማዩ ግን ገና አልገለጠም። የወንድሜ የአበጀ ፒክአፕ ከእናታችን ቤት አጥር ሥር ቆማለች፤ ነጭ ናት፣ ባለ ሁለት ጋቢና፣ የወንበሯ ላስቲክ እንኳ ገና ያልተገፈፈ። እኔ የማስተምረው እንጅባራ ነው። ክረምቱን ከእናቴ ጋር ከርሜ ለተማሪዎች ምዝገባ መመለሴ ነው።

አበጀ ታናሼ ነው። ለብዙ ዓመት የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ ይህችን ካገኘ ገና ዓመት አልሞላውም፤ የገዛናትም ወንድምና እህት ሁላችንም ተረዳድተን ነው። መኪናዋን የሸጠልን ወኪል ሲያስረክበው ጋራንቲ እንዳላት ነግሮታል። በናፍጣ ፖምፓዋና በኢንጀክተሮቿ ላይ በቀጭን ሽቦ የታሰሩ የእርሳስ እሽጎች አሉ። ከወኪሉ መካኒክ በቀር የማንም እጅ እንዳይነካቸው የታሰሩ ናቸው፤ እሽጉ ከተበጠሰ ጋራንቲውም አብሮ ይበጠሳል።

ቁልፉን ሲያዞረው ሞተሩ አጉረመረመና ጠፋ። ደግሞ ሞከረው። በሦስተኛው ተነሣ፤ አነሣሡ ግን ድንጋይ በቆርቆሮ ውስጥ እንደሚንጥ ሰው ነበር። ከኋላ ዓይን የሚያቃጥል ነጭ ጭስ ግቢውን ሞላው። እናቴ በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፍና ወደ ቤት ገባች።

«ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት እንዲህ ሆናለች» አለኝ አበጀ። «ሁለት ጊዜ ደወልኩላቸው። አዲስ ሞተር ነው፣ ሲሠራ ይላመዳል ነው መልሳቸው።»

ሞተሩን አጥፍቶ የዘይት መለኪያውን መዘዘና አሸተተው። ለእኔም አቀረበልኝ። ዘይቱ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ ከልኩም አልፎ ጨምሯል።

«ዘይት መቀነስ እንጂ መጨመር ምን ይሉታል?» አልኩት።

«ኢንጀክተሩ ነዋ። ናፍጣውን እንደ ጉም አድርጎ መርጨት ሲገባው ያንጠባጥበዋል። ያልነደደው ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ዛሬ አንቺን እንጅባራ አድርሼ በዚያው ባሕር ዳር እወስዳታለሁ። ዓይናቸው እያየ ያድምጧት።»

ሻንጣዬን እየጫንን ሳለ በጭቃው ላይ የሚሮጥ የብዙ ሰው እግር ሰማን። አራት ጎረምሶች ቃሬዛ ተሸክመዋል። ከኋላቸው የላይኛው ቀበሌ ገበሬ ጋሽ አድማሱ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወርዶ መሬት እየጠረገ ይከተላሉ። ቃሬዛው ላይ ያሉት ባለቤታቸው እናኑ ናቸው። ሆዳቸው ተነፍቶ ጋቢውን ወጥሮታል። ጤና ጣቢያው አንጀታቸው ሳይታጠፍ እንዳልቀረ፣ ፈጥነው ሆስፒታል መድረስ እንዳለባቸው ነግሯቸዋል፤ አምቡላንሱ ደግሞ ወላድ ይዞ ከወጣ ገና አልተመለሰም።

ጋሽ አድማሱ መኪናዋን አዩ፣ ወንድሜን አዩ።

«አበጀ ልጀ» አሉ ብቻ።

አበጀ የኋላውን በር ከፈተ።

የእንጅባራ መንገድ፣ ረፋድ

እናኑ ራሳቸውን ጭኔ ላይ አድርገው ተኝተዋል። ጋሽ አድማሱ ከፊት ተቀምጠው ወደኋላ ዞረዋል፤ እጃቸው ከሚስታቸው እግር ላይ አይነሣም። መንገዱ ጥርጊያ ነው፤ ክረምት ሲገባ ግን የመንገድ ስም ይቀርና ጭቃ ይሆናል። ግራና ቀኝ ባሕር ዛፍ፣ ወረድ ሲል ቀርቀሃ፣ ከዚያ ውኃ የተኛበት መስክና ጀርባቸውን ለዝናብ የሰጡ ፈረሶች። መኪናዋ ጉድጓድ በዘለለች ቁጥር እናኑ ጥርሳቸውን ይነክሳሉ። አይጮኹም። አልፎ አልፎ ለባላቸው በአገውኛ አንድ ቃል ይላሉ፤ እሳቸውም አንድ ቃል ይመልሳሉ።

«ውኃ» አሉኝ አንድ ጊዜ።

ጤና ጣቢያው እንዳይሰጣቸው ብሏል። የነጠላዬን ጫፍ አርጥቤ ከንፈራቸውን አበስኩላቸው። «እግዜር ይስጥሽ መምህርት» አሉኝ። ድምፃቸው ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር።

ከትልቁ ዳገት ሥር ስንደርስ ሞተሩ መንኳኳት ጀመረ። ቀድሞም ያንኳኳ ነበር፤ ይህኛው ግን ሌላ ነው፤ መዶሻ ነው። አበጀ ማርሽ ቀነሰ። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች፣ ጭሷ ከኋላችን ያለውን መንገድ ጋረደው፣ ጉልበቷ እያለቀ እያለቀ ሄዶ ዳገቱ ወገብ ላይ ጠፋች። አበጀ ደጋግሞ አስነሣት፤ መልሳ ጠፋች። ጋሽ አድማሱ ወርደው ከጎማው ሥር ድንጋይ አደረጉ።

አበጀ ኮፈኑን ከፍቶ አጎነበሰ። እየወረደ ያለው ዝናብ ሞተሩ ላይ ሲያርፍ ጭስ እየሆነ ይነሣል። አንዱን ቱቦ ዳሰሰ፣ ሌላውን ዳሰሰ፣ ጆሮውን አስጠግቶ አስነሥቶ አደመጠ። «ሦስተኛው ኢንጀክተር ነው» አለኝ። «ጭራሽ ተከፍቶ ቀርቷል። እንዲህ እንዳለች ብነዳት ሞተሩን ትበላዋለች።»

ኔትወርክ የለም። ወንድሜ ለወኪሉ ሊደውል ዳገቱን በሩጫ ወጣ። እኛ ጠበቅን። ከኋላ የሚመጣ መኪና ቢኖር ብዬ ቁልቁል አየሁ፤ በእግሩ የመጣ ገበሬ ግን አንድ የጭነት መኪና ወንዙ መሻገሪያ ላይ ተሰንቅሮ መንገዱን እንደዘጋ ነገረን። በቃሬዛ እንዳንሄድ ተሸካሚዎቹን አዘና ትተናቸዋል፤ እንጅባራም በእግር የሚደረስበት አይደለም።

አበጀ ውኃ እየተንጠባጠበ ተመለሰ።

«አገኘኋቸው። እንዳትነካት አሉኝ። ከነካሃት ጋራንቲ የለህም። ነገ ጠዋት መኪና ልከን እናስጎትታለን አሉ።»

«ነገ ጠዋት?» አልኩ።

«በሽተኛ ይዣለሁ አልኳቸው። ሌላ መኪና ፈልግ አሉኝ። የጋሽ አድማሱን ልጅ ብርቱካንንም ደውዬ ሆስፒታል እንድትጠብቀን ነግሬያታለሁ።»

ጋሽ አድማሱ ስለ ጋራንቲ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። አበጀ በአጭሩ ነገራቸው፦ ይህችን ሽቦ ከበጠስኩ መኪናዋ ስትበላሽ የሚሠራልኝ የለም፤ ካልበጠስኳት ዛሬ ከዚህ አንነሣም። ሽማግሌው ሽቦዋን ጎንበስ ብለው አዩዋት። ከስፌት ክር እምብዛም አትወፍርም።

«ልጀ» አሉ፤ «እኔ ፍታ አልልህም። አትፍታም አልልህም። ምን አፍ አለኝ?»

አበጀ ወደ እኔ ዞረ። መኪናዋ የእኔም፣ የሌሎቹም ወንድሞቻችን ናት። ጭኔ ላይ ያሉት ሴት ዓይናቸውን ከድነዋል፤ ትንፋሻቸው አጥሯል።

«ፍታው» አልኩት።

ፒንሳ ከወንበር ሥር አወጣ። ሽቦዋ ስትቆረጥ ድምፅ እንኳ አልነበራትም። እርሳሷ ጭቃው ውስጥ ወደቀች። አበጀ የሦስተኛውን ኢንጀክተር ቱቦ ፈታ፤ ናፍጣው ወደ ሞተሩ መግባቱ ቀርቶ በላስቲክ ቱቦ ወደ ባዶ የውኃ ጠርሙስ እንዲወርድ አደረገው፤ ጠርሙሱን ከባትሪው ጎን በገመድ አሰረው። መኪናዋ በቀሩት ሲሊንደሮች ተነሣች። ክፉኛ ትንቀጠቀጣለች፣ እያነከሰች ትሄዳለች፤ ግን ትሄዳለች። ጠርሙሱ በሞላ ቁጥር እየቆምን ናፍጣውን ወደ ማጠራቀሚያው፣ ወደ ሰልባትዮው እየመለስን ዳገቱን ጨረስነው።

እንጅባራ፣ ከቀትር በኋላ

የአገሬው ሰው ከተማዋን ዛሬም በድሮ ስሟ ቆሰበር ይላታል። ጉሙ እስከ ጣሪያ ወርዷል። ባጃጆች በቀን መብራት አብርተው ይሄዳሉ፤ ከከተማው ዳር አዲስ የሚሠራው ዩኒቨርሲቲ ሕንፃዎች በጉም ውስጥ ግማሽ በግማሽ ይታያሉ። ሆስፒታሉ በር ላይ ጃንጥላ የያዘች ቀጭን ልጅ ቆማለች። ብርቱካን ናት፤ እዚሁ ከተማ ተከራይታ ትማራለች። መኪናዋ ሳትቆም በሩን ይዛ መሮጥ ጀመረች።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ሆዳቸውን ዳስሶ ጋሽ አድማሱን ሳይሆን እኔን ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ።

«መቼ ነው የጀመራቸው?»

«ትናንት ማታ ነው አሉ።»

«አንጀቱ ደም ካጣ ቆይቷል። ባሕር ዳር ልልካቸው እየተዘጋጀሁ ነው፤ ግን የደም ግፊታቸው አልያዝልኝ አለ።»

ጓንቱን እያወለቀ መሬት መሬት አየ። ከዚህ በላይ አልጠየቅሁትም።

ብርቱካን እናቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሁለቱ በአገውኛ ዝግ ብለው ያወራሉ፤ እናትየው ይናገራሉ፣ ልጅቱ ራሷን ትነቀንቃለች። ጋሽ አድማሱ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። አበጀ እጁ ላይ ያለው ናፍጣ አልለቅ ብሎት ደጅ ባለው ቧንቧ ይታጠባል፣ ይታጠባል። የሚወስዳቸው መኪና ተዘጋጅቶ አልጋውን ሊያነሡ ሲመጡ እናኑ አርፈው ነበር።

አስከሬኑን ወደ አዘና የወሰደው ሌላ መኪና ነው። የእኛዋ ሆስፒታሉ ግቢ ቀረች። በማግስቱ የወኪሉ መጎተቻ መጥቶ ወሰዳት።

ከእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር፣ መስከረም፣ ማለዳ

ወኪሉ «ሞተሩን ፈትተን አይተናል፣ መጥታችሁ ተነጋገሩ» ብሎ ደውሏል። መናኸሪያው ውስጥ ብርዱ አጥንት ይገባል። ረዳቶች «ዳንግላ! ባሕር ዳር!» እያሉ ይጮኻሉ። እኔና አበጀ ሚኒባሱ ውስጥ ገብተን እንደተቀመጥን ጋሽ አድማሱ በመስኮቱ በኩል ታዩኝ። ጥቁር ኮት ለብሰዋል፤ ጢማቸው አልተላጨም። የእናኑ አርባ ገና አልወጣም።

«ጋሽ አድማሱ! ከለቅሶ ቤት ተነሥተው ወዴት ነው?»

«ከእናንተ ጋ ነኝ። ፍርድ ነው አላላችሁም? ምስክር ያስፈልጋል።»

«ፍርድ ቤት እኮ አይደለም የምንሄደው» አላቸው አበጀ።

«ቢሆንም ነገሩን ያየሁት እኔ ነኝ» አሉና አጠገቡ ተቀመጡ።

መንገዱ ከዚህ በኋላ አስፋልት ነው። አደይ አበባው ዳር ዳሩን ፈክቷል። አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ የከሰል ጆንያዎች እንደ ወታደር ተሰልፈዋል፤ ገብስ ይበቅልበት የነበረው ማሳ ሁሉ ለከሰል በሚተከለው ግራር ተሸፍኗል። ከአጠገቤ ያለችው ነጋዴ ዋጋው ወረደ ስትል ከሾፌሩ ጋር ትጨቃጨቃለች። ዳንግላ ላይ ለቁርስ ቆምን። ፉል ቀረበ። ጋሽ አድማሱ አልበሉም፤ ሻይ ብቻ ጠጡ። አበጀ ስለ መኪናዋ ሊናገር ይጀምራል፣ የሰውየውን ጥቁር ኮት ያያል፣ ይተወዋል። ከዳንግላ ወዲያ መሬቱ እየረገበ፣ አየሩ እየሞቀ ሄደ።

ባሕር ዳር፣ ከቀትር በፊት

የወኪሉ ጋራዥ ሰፊ ነው፤ ወለሉ በውኃ ታጥቧል። ከዳር የእኛ ፒክአፕ ቆማለች። ኮፈኗ ተነሥቷል፤ ሆዷ ባዶ ነው። አበጀ ወደ እሷ ሁለት እርምጃ ሄዶ ተመለሰ።

የአገልግሎት ክፍሉ ኃላፊ ቢሮው አስገባን። ጎልማሳ ነው፤ ወንበር ራሱ አመቻቸልን። ጠረጴዛው ላይ በጨርቅ የተቀመጠ ፒስተን አለ። አናቱ እንደ ሻማ ቀልጦ በአንድ ወገን ተቦርቡሯል።

«ኢንጀክተሩ አንጠባጥቦ ያቀለጠው ነው» አለ። «ይህን አልክድም። ኢንጀክተሩ ለምን ተበላሸ ነው ጥያቄው። ውስጡ ውኃና ቆሻሻ አግኝተናል። ቆሻሻ ናፍጣ ደግሞ ጋራንቲ አይሸፍነውም።»

«ቱቦውን በዝናብ ነው የፈታሁት» አለ አበጀ። «ውኃው ያኔ ገብቶ ቢሆንስ?»

«ልክ ነህ። ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው እሽጉ የሚታሰረው። ከተበጠሰ በኋላ የትኛው ቆሻሻ በፊት እንደነበረ፣ የትኛው ኋላ እንደገባ በምን ላረጋግጥ?»

«ከመበጠሱ በፊት ሁለት ጊዜ ደውዬ ጭሷን ነግሬያችኋለሁ። ይላመዳል ብላችሁ መለሳችሁኝ።»

«መደወልህን አምናለሁ። አምጥተህ አሳይተኸን ቢሆን ኖሮ ግን…»

«ላመጣት ነበር እኮ! የዚያን ዕለት ላመጣት ነበር።»

ጋሽ አድማሱ ከወንበራቸው ተነሡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ጌታዬ፣ ያስፈታሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ሚስቴ ታማ ነበር። ልጁ እንቢ ብሎኝ ነበር፤ በግድ፣ በልመናም በቁጣም አስፈታሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው። በእሱ ላይ አታድርጉት።»

አበጀ ዓይኑ ፈጠጠ። «ጋሽ አድማሱ፣ እንዲህ አላሉኝም እኮ!»

«ብያለሁ። አንተ ዝም በል።»

እኝህ ሰው በዳገቱ ላይ አፍ የለኝም ያሉ ሰው ናቸው። በሕይወታቸው የሰው ፊት ቆመው ሲዋሹ ይህ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም።

ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እና ባለቤትዎ… ደረሱ? ዳኑ?»

«ሆስፒታል ደረሰች። አልዳነችም።»

ሰውየው ከወንበሩ ተነሣ። ጠረጴዛውን ዞሮ መጥቶ የሽማግሌውን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። «እግዜር ያጽናዎት አባቴ» አለ። እውነተኛ ኀዘን ነበር ፊቱ ላይ የነበረው፤ ዛሬም ስጽፈው አልጠራጠርም። ተመልሶ ሲቀመጥ ግን ቃሉ አልተለወጠም።

«እኔ ወስኜ የማልፈው ቢሆን ዛሬውኑ አስገጥመው ነበር። ዋናው መሥሪያ ቤት እሽጉ የተበጠሰበትን አይቀበልም፤ ምክንያቱ ምንም ይሁን። አንድ ነገር ልሞክርላችሁ እችላለሁ። ናፍጣ የምትቀዱበት ማደያ ናፍጣው ንጹሕ እንደሆነ በማኅተም ከመሰከረላችሁ ከማመልከቻችሁ ጋር እልከዋለሁ። ተስፋ ግን አልሰጣችሁም።»

ዳንግላ፣ ከሰዓት

አበጀ የሚቀዳው ዳንግላ ነው። በመመለሻችን ወርደን ማደያውን በእግር ፈለግነው። ተቆጣጣሪው ጥላ ሥር ተቀምጦ ጫማ ያስጠርጋል። አበጀን ያውቀዋል፤ «አንተ ጠፋህሳ!» ብሎ ሳቀ። የመጣንበትን ሲሰማ ግን ሳቁ ወዲያው ጠፋ።

«ናፍጣው ንጹሕ ነው ብዬ ብጽፍ፣ ነገ መርምረው አይደለም ቢሉስ? አይደለም ብዬ ብጽፍማ ጭራሽ ራሴን አሰርኩ። ወንድሜ፣ እኔ የምጽፈው የለም።»

«ንጹሕ መሆኑን ታውቃለህ አይደል?»

«እኔ የማውቀው የመጣልኝን መቅዳት ነው።»

ጋሽ አድማሱ ሊለምኑት ጠጋ አሉ። አበጀ ክንዳቸውን ይዞ መለሳቸው። «ይብቃ ጋሽ አድማሱ። ለእኔ ብለው ከዚህ በላይ ለማንም አይለምኑ።»

በሚኒባሱ ውስጥ ከኋላ ወንበር ሦስታችንም ተርታ ተቀመጥን። አዲስ ቅዳምን ስናልፍ ዝናቡ ተመለሰ። አበጀ በመስኮቱ እያየ ነበር የተናገረው።

«እኔን የሚቆጨኝ መኪናዋ አይደለችም። ፈትቼም አልደረስኩላቸውም። ስልክ ለመደወል ስሮጥ፣ እነሱን ስለማመጥ ያጠፋሁት ጊዜ… መጀመሪያውኑ ብፈታው ኖሮ…»

«ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ» አልኩት። «ከአዘና ሳንነሣ በፊት ነው አንጀታቸው የሞተው ብሎኛል።»

ሐኪሙ ይህን ያህል አላለኝም ነበር፤ አበጀም ያመነኝ አልመሰለኝም።

እንጅባራ፣ አመሻሽ

መናኸሪያው ጭቃ ነው። የአዘና መኪና ሄዷል፤ ጋሽ አድማሱ ልጃቸው ቤት ሊያድሩ ነው። ብርቱካን ጥቁር ሻሽ አስራ በር ላይ ትጠብቃለች። የአባቷን እጅ ሳመች፣ እኔን ሳመች፣ ወደ አበጀ ዞረች።

«እሺ አሉ?»

«አላሉም» አላት።

ወንድሜ የሰው መኪና ወደ መንዳቱ ሊመለስ ነው፤ ቻግኒ ለሚመላለስ የጭነት መኪና ባለቤት በመንገድ ላይ ደውሎ ተስማምቷል። ፒክአፏን ባለችበት ሁኔታ ለሚገዛት እንሸጣታለን። ይህን ሁሉ ለብርቱካን አልነገራትም። ፊቷን እያየ ቆመ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አላት። «ያን ቀን እናትሽ ምን አሉሽ? ደጅ ሆኜ ሲያወሩሽ አይቻለሁ።»

ልጅቱ አባቷን አየች። ጋሽ አድማሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ትልቅ ነገር አይደለም» አለች። «ስለ ዘር ድንቹ ነው። የትኛው ጎታ ውስጥ እንዳለ፣ የትኛውን መጀመሪያ እንደምንተክል፣ ለአክስቴ ስንት እንደምንሰጥ። ደግሞ ቀዩን ከነጩ እንዳትቀላቅሉ አለችኝ። አባትሽ ይቀላቅለዋል አለች።»

ጋሽ አድማሱ በእንባቸው መሀል ፈገግ አሉ። «እውነቷን ነው» አሉ።

«ሁሉንም ንገሪኝ» አለ አበጀ።

ዝናቡ እየበረታ ነበር። ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠጋን፤ ብርቱካንም ስለ ድንቹ አንድ ሳታስቀር ነገረችው።